«ሁለት አሉ፣ ሦስት አሉ፣ አሁን ደግሞ አንድ?»

የምክር ዓምድ

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልህ ከጅማ፣ ከመንደራ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። እኛ ቤት የኮሮና ክትባት ነገር እስከ ዛሬ አልበረደም። ሚያዝያ 2013 እናቴን ለምኜም ተቆጥቼም አስከተብኳት። አስትራዜኔካ ነበር። ሁለተኛውን ከሁለት ወር በኋላ ትወስጃለሽ ተባለች። ቀኑ ደርሶ ስንሄድ ‹አልገባም፣ ሌላ ጊዜ› አሉን። ዛሬ ነገ ስንባል ነሐሴ ላይ ኮሮና ያዛት። ኦክስጅን ላይ ሆና ጥቂት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ፈጣሪ ይመስገን፣ ተርፋለች።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም የሒሳብ መምህር ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ቡና ላይ ነገሩ በተነሳ ቁጥር ‹ተከትባ ታመመች፣ ታዲያ ምን ጠቀማት?› ይለኛል። ‹መጀመሪያ ሁለት አሉ፣ ከዚያ አንዱም ይበቃል አሉ፣ ከዚያ ሦስተኛ አሉ። 95 በመቶ አሉ፣ ሁሉም ታመመ› ይላል። ጎረቤት ይስቃል፣ እኔ ዝም እላለሁ። አሁን ደግሞ የ13 ዓመቷ ልጄ ትምህርት ቤት የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት ሊሰጥ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ይላሉ። የአክስቷ ልጅ ግን ከዓመታት በፊት ሁለት ጊዜ ነው የተወጋችው። ጋሼ ‹አያችሁ፣ ጠፍቶባቸዋል› አለ። ባለቤቴም ‹እስቲ ትቆይ› ማለት ጀምሯል። ጋሼ ትክክል ነው? በእናቴ ነገር ጥፋተኛ ነኝ? ልጄንስ ምን ላድርግ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ቀን የተቆረጠለት እሱ ነውና። ልጅሽን አስከትቢያት። አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ አያሳስብሽ። ለምን አንድ እንደሆነ ዝቅ ብዬ እነግርሻለሁ።

አሁን ወደ ጋሼ። ሰውየው የሚያነሳው የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ቁጥሩ ሲቀያየር ሁላችንም አይተናል። «ለምን ተቀየረ?» ማለት ደግሞ ከመምህር የሚጠበቅ ነው። የማልስማማው «ተቀያየረ፣ እንግዲያውስ አያውቁም» ብሎ መደምደሙ ላይ ነው። የሒሳብ ሰው ስለሆነ በቁጥር እናውራ።

95 በመቶ የሚባለው የፋይዘር ክትባት ቁጥር ነው። እናትሽ የወሰዱት አስትራዜኔካ ነው፣ ሌላ ነው። ይሁን እንጂ ቡና ላይ የሚወራው ይኸው ቁጥር ስለሆነ ከየት እንደመጣ ማወቁ አይከፋም። ከ40 ሺህ በላይ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ክትባቱን ተወጋ፤ ግማሹ መድኃኒት የሌለበት ጨው ያለው ውሃ። ተወጊው የትኛው እንደደረሰው አያውቅም። የታመመውን የሚመዘግበውም አያውቅም። ከዚያ ተጠበቀ። ከሁለተኛው መርፌ ሰባት ቀን በኋላ ጀምሮ ሲቆጠር፣ ከውሃው ወገን 162 ሰው በኮሮና ታመመ። ከክትባቱ ወገን 8። ጋሼ 8ን ለ162 ያካፍለው፤ 5 በመቶ ገደማ ይመጣለታል። ሁለቱ ወገኖች በቁጥር እኩል ስለነበሩ፣ ካልተከተበው ሲነጻጸር የተከተበው የመታመም ዕድሉ በ95 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከመቶ የተከተበ ሰው 95ቱን ኮሮና አይነካቸውም ማለት አይደለም። ቫይረሱ ወደ ሰውነት አይገባም፣ ወደ ሌላ አይተላለፍም ማለትም አይደለም። የተቆጠረው ምልክት ያሳየ ሕመም ነው። የተቆጠረውም በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ያኔ በነበረው ቫይረስ ላይ ነው። ዴልታ የተባለው የቫይረሱ ዝርያ ገና አልተስፋፋም፤ ኦሚክሮን የተባለው ጭራሽ አልተፈጠረም። ጥናት ማለት ለጅማ ሰው እንግዳ ነገር አይመስለኝም። ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን በየሰፈሩ የማሰማራት የቆየ ልማድ አለው፤ መጠይቅ ይዘው አንቺም ቤት ሳይመጡ አልቀሩም። እነዚያ ልጆች ዛሬ ጠይቀው የሚያገኙት መልስ የዛሬውን ነው። ከዓመት በኋላ ሌላ ነገር ቢያገኙ «ያኔ ዋሽታችሁ ነበር» ማንም አይላቸውም።

ስለዚህ ጋሼ በመቶኛ ሲያወራ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ «ከምኑ ነው የሚከላከለው?» ከመያዝ? ከመታመም? ሆስፒታል ከመተኛት? ከመሞት? ለአንድ ክትባት አራቱም የተለያየ ቁጥር አላቸው። ቡና ላይ የሚጣላው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለተለያየ ቁጥር ነው የሚጣላው።

ወደ እናትሽ ስመጣ መልሱ ይሄው ነው። ነሐሴ 2013 ዴልታ የሚባለው ዝርያ ዓለምን ያዳረሰበት ወቅት ነበር። እንግሊዞች ያኔ በራሳቸው ሕዝብ ላይ ለክተዋል። አንድ ዶዝ (በአንድ ጊዜ የሚሰጠው መጠን) አስትራዜኔካ የወሰደ ሰው በዴልታ ታሞ ምልክት ከማሳየት የሚጠበቀው 30 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ሁለት ዶዝ ሲሆን 67 ገደማ ይደርሳል። ሆስፒታል ከመግባት ግን አንዱም ዶዝ 71 በመቶ፣ ሁለቱ 92 በመቶ ይከላከሉ ነበር። አየሽ ልዩነቱን? በአንድ ዶዝ መታመማቸው የሚጠበቅ ነገር ነበር። ባይከተቡ ኖሮ ምን ይሆኑ እንደነበር ለአንድ ሰው ለይቶ የሚነግርሽ ሐኪም የለም። እኔም «ክትባቱ ነው ያተረፋቸው» ብዬ አልምልም። «ምንም አልጠቀማትም» ብሎ የሚምል ሰውም ያው የማያውቀውን ነው የሚያወራው። አንቺ ግን በወቅቱ በእጅሽ የነበረውን የተሻለውን ነገር ነው ያደረግሽው። ጥፋተኛ የምትባይበት አንድም ነገር አይታየኝም።

ሁለተኛው መርፌ ለምን ዘገየ? እዚህ ጋ ሁለት ነገር ተደባልቋል።

የመጀመሪያው ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። የአስትራዜኔካ የዶዝ ታሪክ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ኅዳር 2013 ውጤቱ መጀመሪያ ሲነገር ሁለት ቁጥር ይዞ ብቅ አለ። ሁለት ሙሉ ዶዝ የወሰዱት ላይ 62 በመቶ፣ መጀመሪያ ግማሽ ቀጥሎ ሙሉ የወሰዱት ላይ 90 በመቶ። ግማሹ ደግሞ ታቅዶ አልነበረም። እንግሊዝ ውስጥ መጠኑ በተለካበት መንገድ ልዩነት የተነሳ የሆነ ነገር ነው። ትንሽ የወሰደ የበለጠ ይጠበቃል? ሰው ግራ ገባው። ግማሽ ዶዝ የደረሳቸው ሰዎች ዕድሜያቸው ከ55 ያልበለጠ መሆኑም ሌላ ጥርጣሬ ጨመረ። በኋላ መረጃው ሲፈተሽ ግን ትልቁ ጉዳይ በሁለቱ መርፌዎች መካከል ያለው ጊዜ ሆኖ ተገኘ። ከስድስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ሁለተኛውን የደገሙት ላይ 55 በመቶ፣ 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆዩት ላይ 81 በመቶ ገደማ። ሊጡ ሳይቦካ ምጣድ ላይ ብታፈሺው እንጀራው ዓይን አያወጣም አይደል? ሰውነትም ከመጀመሪያው መርፌ የተማረውን እስኪያዋህድ ጊዜ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ያለው ለዚህ ነው። «ከሁለት ወር በኋላ» መባላችሁ ትክክል ነበር።

ሁለተኛው ነገር እጥረት ነው። የመጀመሪያው ክትባት አዲስ አበባ የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ነው፤ 2.2 ሚሊዮን ዶዝ ገደማ፣ ሕንድ ውስጥ የተመረተ። መስጠት የተጀመረው መጋቢት 4፣ አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ ልክ በዓመቱ። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለባት አገር ይህ ምን ያህል እንደሆነ ለጋሼ መንገር አያስፈልግም። ወዲያው ሕንድ ራሷ በወረርሽኙ ተመታች። ወደ ውጭ የምትልከውን ክትባት ገታ አደረገች። የእናትሽ «አልገባም» ከዚያ የመጣ ነው። ይሄን ግን ቀጠሮ ካርዱ ላይ ቀን ጽፎ የሰጣችሁ ሰው ቁጭ አድርጎ ሊያስረዳችሁ ይገባ ነበር። «ሌላ ጊዜ» ብሎ መመለስ መልስ አይደለም።

በነገራችን ላይ ያን ጊዜ ክትባት ጣቢያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያስታውሳል። የአስትራዜኔካው አንድ ብልቃጥ ለአሥር ሰው ነው። አንዴ ከተከፈተ ስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። ስለዚህ ነርሷ ሰው እስኪሰበሰብ ትጠብቃለች። ሦስት ሰው ብቻ ከመጣ «ትንሽ ቆዩ፣ ሰው ይምጣ» ይባላል፤ አንዱ ይሰለችና ይሄዳል፣ ይቀነሳል። ከውጭ ለሚያይ ዝርክርክነት ይመስላል። ብልቃጡን ለሦስት ሰው ከፍቶ ሰባቱን መድፋት ግን የባሰ ነው።

«አንዱም ይበቃል አሉ» የሚለው የጋሼ ነገር ደግሞ ከእንግሊዝ የመጣ መሰለኝ። ታኅሣሥ 2013 እንግሊዞች ያለንን ክትባት መጀመሪያ ለብዙ ሰው አንድ አንድ እናድርስ፣ ሁለተኛው እስከ 12 ሳምንት ይቆይ ብለው ወሰኑ። አንዱ ለዘላለም ይበቃል አላሉም። ያም ሆኖ ጩኸት ተነሳ። ፋይዘር «እኔ የሞከርኩት በ21 ቀን ልዩነት ነው፣ ከዚያ በላይ ላለው መረጃ የለኝም» አለ። ቀጠሯቸው የተሰረዘባቸው አዛውንቶች ተናደዱ፤ ሐኪሞችም ለሁለት ተከፈሉ። ሁለቱም ወገን ሳይንስ የተማረ ነው፣ ሁለቱም ምክንያት ነበረው።

ይሄን ለጋሼ እንደ ቤት ሥራ ስጪው። መቶ ዶዝ አለህ። ክትባት ካላገኙ ሆስፒታል የሚገቡ መቶ አዛውንት አሉ። በኋላ የተለካውን ቁጥር እንጠቀም፦ አንድ ዶዝ 71፣ ሁለት ዶዝ 92 በመቶ። ለመቶውም አንድ አንድ ብትሰጥ 71 ሰው ከሆስፒታል ታስቀራለህ። ለሃምሳው ሁለት ሁለት ብትሰጥ 46። ለአንድ ሰው ሁለት መርፌ ይሻለዋል፤ ለሰፈሩ ግን መጀመሪያ ሁሉም አንድ አንድ ቢያገኝ ይሻላል። ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ውሳኔው በእጄ ቢሆን አንድ አንድ ለሁሉም ነበር የምለው፤ ሁለተኛው ይመጣል ብዬ ካመንኩ።

«ሁሉም ታመመ» ለሚለውም ሒሳብ አለው። እንበል አንድ ቀበሌ ውስጥ አንድ ሺህ አዛውንት አሉ። 900ው ተከትበዋል፣ 100ው አልተከተቡም። ካልተከተቡት 10 ሰው ሆስፒታል ገባ፣ ከመቶ አሥር። ከተከተቡት 18 ገባ፣ ከመቶ ሁለት። ሆስፒታል ሄዶ አልጋ የሚቆጥር ሰው ከ28ቱ 18ቱ የተከተቡ ናቸው ይልሻል። እውነቱን ነው። ግን ያልተከተበው ሰው አደጋው አምስት እጥፍ ነው። አልጋውን ብቻ ቆጥሮ ቀበሌውን የረሳ ሰው ተሸውዷል። የሒሳብ መምህር ይሄን ማጣት አልነበረበትም፤ ግን ይሄን በፊቱ እንዳትይው።

ሦስተኛው ዶዝ ማጠናከሪያው ነው። ከወራት በኋላ ሰውነት ውስጥ ያለው መከላከያ እየቀነሰ ሄደ። ኅዳር 2014 ደግሞ ኦሚክሮን መጣና ከመያዝ የሚያስጥለውን አቅም በጣም አወረደው። ከጽኑ ሕመም የሚያስጥለው ግን ብዙም አልተናደም። ክትባቱ ጣጣ የለውም ብዬም አልሸፍንልሽም። አስትራዜኔካ በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ አደገኛ የደም መርጋት አስከትሏል፤ አንዳንድ አገሮችም ለወጣቶች መስጠቱን አቁመዋል። ለአዛውንት ግን ኮሮናው ራሱ ከዚያ በብዙ እጥፍ የከፋ ነበር።

ጋሼን ከልቤ የምደግፈው አንድ ነገር ላይ ነው። ስለ ክትባቱ ይነግሩን የነበሩት ሰዎች አነጋገራቸው ልክ አልነበረም። ተከተቡና ተገላገሉ የሚል ድምፅ ያለው ንግግር በየቦታው ሰምተናል። ከመጀመሪያው «ዛሬ የምናውቀው ይህን ነው፣ ነገ ሊሻሻል ይችላል» ቢባል ኖሮ ቁጥሩ ሲቀየር ሰው አይደነግጥም ነበር። በእርግጠኝነት የተነገረ ነገር ሲቀየር የተነገረው ሁሉ ውሸት ይመስላል። እምነት የጎደለው እዚያ ላይ ነው፣ ጉድለቱም ዛሬ ልጅሽ ክንድ ላይ ደርሷል።

የዶዝ መቀያየር ደግሞ ከኮሮና የጀመረ አይደለም። ነሐሴ 2008 ኪንሻሳ ውስጥ ቢጫ ወባ ሲያሰጋ ክትባቱ ለከተማው አልበቃ አለ። የአንድ ሰውን ዶዝ ለአምስት አካፍለው ለሚሊዮኖች ሰጡ። አንድ አምስተኛውም ሰውነትን በበቂ ሁኔታ እንደሚያነቃ አስቀድሞ ተጠንቶ ነበር።

የልጅሽ ክትባትም እንዲሁ ነው። በዓለም ላይ ሲጀመር ሦስት ጊዜ ነበር። ከዚያ ለልጆች ሁለት ይበቃል ተባለ። አገራችን በ2011 ስትጀምር ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ነበር። የአክስቷ ልጅ ያኔ ነው የተወጋችው። በኋላ ኬንያ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ዓመት የሆናቸው 2,275 ወጣት ሴቶች ላይ አንድ ዶዝ ብቻ ተሞከረ። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ፣ የማኅፀን በር ካንሰርን በብዛት የሚያመጡት ሁለቱ የቫይረስ ዓይነቶች ሰውነት ውስጥ እንዳይሰነብቱ 97.5 በመቶ ተከላከለ። ልብ በይ፣ «ከምኑ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚሁ ውስጥ አለ። በዚህና በሌሎች ጥናቶች ተመርኩዞ የዓለም ጤና ድርጅት አማካሪዎች በ2014 አንድ ዶዝም ይሆናል አሉ። እዚህ መጠኑ የተቀነሰው የተሻለ ስለታወቀ ነው። ትርፉ ደግሞ ያው ክትባት ሁለት እጥፍ ልጃገረዶች ጋ መድረሱ ነው። ከኤችአይቪ ጋር የምትኖር ወይም በሌላ ምክንያት የመከላከል አቅሟ የደከመ ልጅ ግን ከአንድ በላይ ያስፈልጋታል። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ለባለሙያዋ በግል ንገሪያት።

አሁን ጋሼን እንዴት ታናግሪዋለሽ? በሰው ፊት አይሆንም። ታላቅ ነው፣ መምህር ነው፣ ጎረቤት እየሰማ በወንድሙ ሚስት ቢረታ ነገሩ የክትባት መሆኑ ይቀርና የክብር ይሆናል። ቡናው አልቆ ሰው ሲበተን፣ ወይም ቤቱ ሄደሽ፣ «ጋሼ፣ አንድ ሒሳብ ግራ ገብቶኝ ነው» ብለሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ስጪው። የመቶውን ዶዝ ነገር እሱ ራሱ ያስላው። የእናትሽን ነገር ግን እሱ ካላነሳ አታንሺ። ካነሳው በጨዋ ደንብ «ጋሼ፣ በእናቴ ሕመም እንዳይቀለድ እፈልጋለሁ» በይው። ይሄን ማለት ድፍረት አይባልም።

ከባለቤትሽ ጋር ደግሞ ክርክር አትክፈቺ። «ትቆይ» ያለው ወንድሙን ላለማሳፈር ይመስለኛል። ቅዳሜ ወይም እሁድ ሳይሆን በሥራ ቀን ይዘሽው ጤና ጣቢያ ሂዱና ክትባት ክፍሏን ነርስ እሱ ራሱ ይጠይቃት። ከሚስት ከሚሰማው ነጭ ጋዋን ከለበሰች ሴት የሚሰማውን ማመኑ ሊያበሽቅሽ ይችላል። ቻይው።

ልጅቷን በዚያ ቀን ቁርስ አብልተሽ ላኪያት። በዚህ ዕድሜ መርፌ አይተው የሚዞርባቸው ልጆች አሉ፤ ከተወጋች በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ቁጭ ትበል። ክንዷን ሊያማት ይችላል፣ ያልፋል። ካርዷን አስቀምጪላት፣ በስልክሽም ፎቶ አንሺው። ባለፈው ሁለተኛውን ስትፈልጉ ስንት እንደተመላለሳችሁ አልረሳሽውም።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። አንቺ ራስሽስ? ዕድሜሽ ከ30 እስከ 49 ከሆነ የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ይመለከትሻል። ቀላል ነው፣ አልጋ አያስይዝም፤ ማኅፀን በር ላይ ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ቀብተው ቀለሙ ይቀየር እንደሆነ ያያሉ። ባለቤትሽን ይዘሽ ጤና ጣቢያ በሄድሽበት ቀን እዚያው ጠይቂያቸው። እዚያ ካልተሰጠ የሚሰጥበትን ቦታ ጽፈው ይላኩሽ።